ያልመጣው ባሕር

ከባሕር ወለል በታች መቶ ሠላሳ ሜትር፣
ጨው ለብሶ ይተኛል የቀጣራ ምድር።
በሰሜን ግድግዳ፣ የተሰነጠቀ፤
በደቡብ አሸዋ፣ ከአድማስ የዘለቀ፤
መሐሉ ላይ ጭቃ፣ ፊቱ የደረቀ፣
ግመል ከነጭነት ውጦ የደበቀ።

አባቴ ምፍታህ ነው፤
ትርጉሙ መክፈቻ፣ የተዘጋ መፍቻ፤
ያን ጎድጓዳ አገር ያውቃል በእግሩ ብቻ።
ቅርፊቱ «ቀጭ» ካለ ያልፋል በዝግታ፤
«ጧ» ካለ ይቆማል፣ ያደምጣል ላፍታ፤
ምንም ካላለ ግን፣ ዝም ካለ፣ ይሸሻል፤
እዚያ የሚያሰጥመው ዝምታ ነው፣ ይላል።

«ይህ ምን ይጠቅማል?» ይላል የመጣ ሁሉ፣
የመንገዱ አቧራ ሳይራገፍ ከቃሉ።

በአያቴ ዘመን የሩቅ አገር ጦሮች
በሰሜን ገጠሙ፣ ከባሕር ዳር ኮረብቶች።
ለነሱ ቀጣራ አጥር ነው፣ ግድግዳ፤
ታንክ የማይዞረው፣ የማይጥሰው እንግዳ።
አንዱ ድል አደረገ፤ ሁለቱም ነጐዱ፤
መሬት ውስጥ የዘሩትን ፈንጂ ሳያጭዱ።

የአጎቴ የሸዓይብ ግራ እግር እዚያ ቀረ።
ፍየል ሊመልስ ሄዶ ነው።
ፍየሏ በሰላም ተመለሰች።
«ጦርነት ክብደት ይወዳል» ይል ነበር፣ ሲጋራውን እየጠቀለለ፤
«እሷን ንቆ አለፋት፤ እኔን አከበረኝ።»

ከዚያ ደግሞ ካርታ ይዞ መጣ መሐንዲስ፣
መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ሲወለውል፣ ሲያብስ።
«ባሕሩን እናምጣው፣ ቦይ ቆፍረን ከላይ፤
ሲወርድ መብራት ይወልዳል፤ ተኝቶም ያምራል ሲታይ።»
አባቴ አርባ ቀን የሜትሩን ጫፍ ያዘለት።
ከገደሉ ወገብ ላይ ቀይ ችካል ተከሉ፤
«ውኃው እዚህ ይቆማል» አሉ፤
ግማሽ ጆንያ ስኳር ከፍለውት ሄዱ።
እናቴ ጋልያ አንድ ጥያቄ ነበራት፦
«የባሕሩን ውኃ ግመል ይጠጣዋል?»
አይጠጣውም።
«ታዲያ ጨው ላይ ጨው ለመጨመር ነው ይህ ሁሉ ድካም?»

ባሕሩ አልመጣም።
ወረቀቱ ካይሮ አንድ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል፤
ችካሉ ላይ ቁራ ያርፍበታል።

ዛሬ ደግሞ ነዳጅ ነው። ሌሊት የጋዙ ነበልባል
ከዋክብቱን በምሥራቅ በኩል ያሳንሳል።
ወንድሜ ረዝቀላ የደንብ ልብስ ለብሶ በር ይጠብቃል፤
ባለፈው ሳምንት የገዛ አባቱን
መታወቂያ ጠየቀው።
ካሜራ ስላለ ነው፣ አለኝ ኋላ፣ አንገቱን ደፍቶ።
አባቴ አልተቀየመም፤ ጫማውን አውልቆ
ተረከዙን አሳየው።

ማንም ያልመዘገበው ጥቅም አለ ደግሞ፦
ከመግራ ምንጭ ዳር፣ እናቴ ሰሌን የምትሠራበት ቄጠማ፤
ሚዳቋ ከግራሩ ሥር የምትወልድበት ጥላ፤
ለፍየሎቹ የምንፈልጠው የጨው ድንጋይ፤
ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ አያቴ መንጋውን የሚደብቅበት
የጥር ጭጋግ።

አሁን ዓይኑ ፈዟል። ዓርብ ዓርብ ይዤው እወርዳለሁ፤
ከቀዩ ችካል ሥር በጀርባው ይጋደማል።
«ከባሕር ሥር ነን» ይላል፣ ትንፋሹን እየቆጠበ፤
እንደ ጠላቂ፣ ጉንጩን ነፍቶ።
እስቃለሁ። እሱ አይስቅም።
«ያ መሐንዲስ ‹ምን ይጠቅማል?› ብሎኝ
መልሱን ሳይሰማ ሄደ።
ካገኘሽው ንገሪው፦
እኛ መሬቱን አንድ ጊዜ ጠየቅነው፤
መሬቱ ግን እኛን በየእርምጃው ይጠይቀናል።»

ስንመለስ እኔ እቀድማለሁ፤
እሱ ከኋላዬ፣ ጆሮውን አቁሞ።
ቀጭ።
ቀጭ።
ጧ።
ሁለታችንም ቆምን።